ለጫማ የሄዱ ሴቶች

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3፣ 1992

የጫማ ፋብሪካ ከተማችን ራዶም ዝናብ በዝናብ። የክፍሉ ማሞቂያ እንደገና ተበላሽቷል። ልጆቹ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተማሩ። የዓለም ጦርነቱን ክረምት ሳስተምር አንዱ ከኋላ፣ "መምህር፣ እነሱንም እንዲህ ይበርዳቸው ነበር?" አለኝ። ሳቅን። ጥሩ ቀን ነበር ማለት ይቻላል... ዳይሬክተሩ እስኪጠራኝ ድረስ።

አቶ ጋቭሊክ። ከጥቂት ዓመት በፊት የትምህርት ቤታችን የኮሚኒስት ፓርቲ ጸሐፊ ነበር። ዛሬ ቢሮው ውስጥ መስቀል ሰቅሏል፣ የድሮው መሪ ሥዕል በነበረበት ምስማር ላይ። መስቀሉ ከሥዕሉ ስለሚያንስ ግድግዳው ላይ ያልጠቆረው አራት ማዕዘን ዙሪያውን ይታያል። እሱ አይታየውም።

"የነፃነት ቀን ንግግር አንቺ ታደርጊያለሽ" አለኝ። "ርዕሱ 'የፖላንድ እናት'።"

"ለምን እኔ?"

"የዜኖን እህት አይደለሽ? ደግሞ የታገልሽ ሰው ነሽ። ሕዝቡ ያከብርሻል።"

እርስዎ ያኔ የት ነበሩ ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 8

ወንድሜ ቤት ምሳ። ዜኖን የፓርላማ አባል ከሆነ ወዲህ እሑድ እንግዳ አይጠፋም። የዛሬው አባ ሲልቬስተር ናቸው፣ የደብራችን ቄስ። የዶሮ ሾርባ፣ ድንች፣ ቀይ ጎመን። የዜኖን ሚስት ሉድካ ስታስተናግድ ፊቷ አመድ መስሏል።

ወሬው ያው ስለ ሕጉ። ጽንስ ማስወረድን የሚከለክለው ሕግ ከአዲስ ዓመት በዓል ማግስት ድምፅ ሊሰጥበት ነው።

ዜኖን፦ "የድሮውን ፈቃድ ማን ሰጠ? ቀዮቹ ኮሚኒስቶች! አንድን ሕዝብ ያለ ጥይት መጨረስ ከፈለግክ ለእናቶቹ ፈቃድ ስጣቸው፣ አለቀ።"

አባ፦ "ፖላንዳዊት ልጇን አትገድልም። የምትገድል ካለች መጀመሪያውኑ ፖላንዳዊት አይደለችም።"

"ታዲያ ምንድን ናት አባ? ቻይናዊት?" አልኩ።

አባ ሳቁ። ዜኖን አልሳቀም።

ሉድካ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሳች። ከመታጠቢያ ቤት የውኃ ድምፅ ተሰማ... ቆየ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ሽንኩርት ነው" አለች። ማንም ሽንኩርት የከተፈ የለም። ዜኖን አላያትም። ስለ እናቶች እያወራ ነበር እኮ!

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 11

ተናገርኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ባንዲራው ተሰቅሎ፣ ፊት ወንበር ላይ ዜኖንና አባ ጎን ለጎን።

የጻፍኩትን አላነበብኩም። አንዷን ተማሪዬን ነጭ ስስ ቀሚስ አልብሰው፣ የላስቲክ አሻንጉሊት አሳቅፈው መድረኩ ላይ አቁመዋታል። "ፖላንድ" ናት አሉ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። አየኋትና ደሜ ፈላ።

"እናቴ ፖላንድ አልነበረችም" አልኩ። "እናቴ ጫማ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ነበረች። ወገቧን ያማት ነበር። ቁጡ ነበረች። ማንም 'ምን ታስቢያለሽ?' ብሎ ሳይጠይቃት ሞተች። እናቶችን ማክበር የምትፈልጉ እናቶች ቤታችሁ አሉላችሁ። ሂዱና ጠይቋቸው።"

ይኸው ነው። ካፖርቴን አውልቄ ለልጅቷ ደረብኩላትና ወረድኩ። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ አጨበጨበ... ጎረቤቴ ወይዘሮ ሄንሪካ ናቸው። እሳቸው ካጨበጨቡ በኋላ ዝምታው ባሰበት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14

ሉድካ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"እትዬ ቦጉሻ፣ አርግዣለሁ።"

ገምቼ ነበር። ግን ከአፏ ሲወጣ... ሉድካ ያላት አንድ ኩላሊት ነው። ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ሞታ ነው የተመለሰችው። ያኔ ዶክተር ክሩፓ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ከእንግዲህ በቃ። አራተኛ ከመጣ ሦስቱ ያለ እናት ይቀራሉ" ብሏታል።

"ዜኖን ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ንገሪዋ!"

ጓንቷን እየጠመዘዘች ቆየች። "ብነግረው መምረጥ ሊኖርበት ነው። ማንን እንደሚመርጥ ማወቅ አልፈልግም።"

እንዳልነግረው አስማለችኝ። ማልኩ። ሆድ ይፍጀው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ዶክተር ክሩፓ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አዲሱ ሕግ እኮ ገና አልወጣም! የድሮው ዛሬም ሕግ ነው! ሐኪሞቹ ግን ቀድመው ፈርተዋል። የራሳቸውን ደንብ አጥብቀዋል፣ እርስ በርስ ይተያያሉ።

"ለጊዜው ደህና ናት" አለ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ። "አደጋው የተረጋገጠ አይደለም።"

"ዶክተር፣ በራስዎ አፍ ትሞታለች ብለው ነበር።"

"ያኔ ሌላ ጊዜ ነበር።"

"ኩላሊቷ ያኔም አንድ፣ ዛሬም አንድ ነው!"

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። በሩን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወይዘሮ ሉድካ፣ የሌላ ሰው ሚስት ቢሆኑ አንድ ነገር እንሞክር ነበር። የእሳቸውን ሚስት ግን... ነገ ስሜ ጋዜጣ ላይ ነው። ይረዱኝ።"

ይረዱኝ! እኛ እንረዳው!

ሉድካ "አመሰግናለሁ" ብላው ተነሳች። ደረጃው ላይ፣ "ምን ስላደረገልሽ ነው የምታመሰግኚው?" ብዬ ጮህኩባት። "ልማድ ነው እትዬ" አለችኝ።

ባሏ ያጠረው አጥር መጀመሪያ የያዘው እሷን ነው። እሱ አያውቅም። ሁላችንም እሱ እንዳያውቅ እንጠነቀቃለን... እሱ ምን ሆኖ ነው ግን እንዲህ የምንጠነቀቅለት?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 21

ከወይዘሮ ሄንሪካ ጋር ገበያው በር ላይ ፊርማ ስናሰባስብ ዋልን። በአገሪቱ ሁሉ እየተሰበሰበ ነው። ሕዝብ ራሱ ድምፅ ይስጥበት፣ ፓርላማው ብቻውን አይወስን ነው ጥያቄው። ከዚህ ያነሰ ምን ይጠየቃል?

ወይዘሮ ሄንሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምባሆ ፋብሪካ የሠሩ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ ሴት ናቸው። "አባ ቢሰሙስ?" አልኳቸው።

"ይስማዋ! እግዜርን ያወቅኩት እሱ ሳይወለድ ነው።"

አንዷ ፈርማ፣ "ስሜን እንዳይነበብ አድርጌ ጻፍኩት፣ ይሆናል?" አለች። ሌላዋ ባሏ ዓሣ እስኪገዛ ጠብቃ፣ እየሮጠች መጥታ ፈረመች፣ እየሮጠች ተመለሰች። ድንች ሻጯ፣ "አምጪው ወዲህ ወረቀቱን፣ እኔ ድንቼን ትቼ አልመጣም" ብላ በጭቃ እጇ ፈረመች።

ከዚያ አንዱ ጎረምሳ፣ ኮቱ ላይ የአገሪቱን የንስር ዓርማ የሰካ፣ እግሬ ሥር ተፋ። "ቀይ! ሩሲያሽ ሂጂ!"

እኔን! ቀዮቹን በተቃወምኩበት ጊዜ ይሄ ልጅ ጡጦ ላይ ነበር!

ወይዘሮ ሄንሪካ በዣንጥላቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ እናትህ ታውቃለች መንገድ ላይ እንደምትተፋ?" አሉት። ልጁ ሄደ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 22

አባ በስብከታቸው ስሜን አልጠሩም። "አንዳንድ አስተማሪዎች" ነው ያሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ፣ ማን ይሆን ብዬ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 25

ዜኖን መጣ። ጫማውን ሳይጠርግ ዘው አለ።

"እህቴ ገበያ ቆማ ከቀዮቹ ጋር! ጋዜጠኛ ደውሎ አስተያየት ስጥ ይለኛል!"

"ሰጠኸው?"

"ቦጉሻ፣ አትቀልጂብኝ። እኔ እስር ቤት የገባሁት ለዚህ ነው?"

"እኔስ እስር ቤት ስንቅ ያመላለስኩልህ ለዚህ ነው?"

ፈነዳሁ። ወታደሮቹ አገሩን በያዙ ጊዜ እሱ ሲደበቅ በራሪ ወረቀቱን ማን አደረሰ? በትራስ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሆዴ ላይ አስሬ፣ እርጉዝ መስዬ በወታደሮቹ መሐል አለፍኩ። አንዱ ወታደር እንዳልወድቅ ክንዴን ይዞ በረዶውን አሻገረኝ፣ "አይዞሽ እናት" እያለ። ዜኖን ይህን ታሪክ በየምርጫ ስብሰባው ያወራዋል! ሰው ያስቅበታል!

"ያኔ ሆዴን የሚፈትሹት እነሱ ነበሩ" አልኩት። "ዛሬ ፈታሹ አንተ ሆንክ።"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ያ ጦርነት ነበር።"

"ይሄስ?"

"ይሄ አገር ነው! ገና አሁን ነው ራሳችንን የሆንነው። ከምሥራቅ ስንገላገል ምዕራቡ መጣ፣ ሁሉ ይፈቀድ፣ ሁሉ ይሸጥ እያለ። ፋብሪካው ተዘጋ። ወጣቱ ጀርመን ሄዶ አስፓራገስ የሚሉትን አትክልት ይለቅማል። እኛን እኛ የሚያሰኘን ምን ቀረ? ንገሪኝ፣ ምን ቀረ?"

ድምፁ ተሰበረ። ለአፍታ ትንሹ ወንድሜን አየሁት፣ አባታችን የሞተ ቀን ያቀፍኩትን። የሚለውን ከልቡ ያምነዋል። የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው... ውሸታም ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ታዲያ የቀረውን አገር ጠቅልላችሁ ሴት ሆድ ውስጥ ልትከቱት ነው?"

በሩን አላትሞ ወጣ። "የሉድካ ሆድ ውስጥ" ልለው ነበር። መሐላዬ ያዘኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ሉድካ ወሰነች። ወይዘሮ ሄንሪካ የሚያውቋት ሴት የምታውቀው ሆስፒታል አለ፣ ከቼኮች ድንበር ማዶ። ለዜኖን ቼንስቶሆቫ ገዳም እመቤታችንን ልንሳለም ነው ተብሏል። "ደግ አደረጋችሁ" አለ አሉ። "ለቦጉሻም ልብ ትሰጣት ይሆናል።"

ዓርብ፣ ዲሴምበር 4

አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ሁሉም ሴት። ማንም ማንንም አያይም። ድንበር ላይ ጠባቂው ገባ።

"ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት?"

"ጫማ ልንገዛ" አልኩ።

ከኋላዬ ያለችውን ጠየቃት። "ጫማ።" ከእሷ ኋላ... "ጫማ።" እስከ መጨረሻው ወንበር ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ። የጠባቂው ጆሮ ቀላ። ወጣት ነው፣ እህት ሳይኖረው አይቀርም። ማህተሙን እየመታ ወረደ። አንዷ መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ ሁላችንም። የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም። ከጫማ ከተማ ተነስቼ ጫማ ልገዛ!

የሆስፒታሉ ነርስ ግዙፍ፣ ደግ ሴት። በቋንቋዋ ታወራለች፣ ግማሹን እንረዳለን። የሉድካን የሕክምና ወረቀት አይታ ቅንድቧ ተነሳ።

"አንድ ኩላሊት? ሐኪማችሁ ይህን አይቶ ነው የላካችሁ?"

"አልላከንም። አባረረን።"

ትንሽ ቆይታ ሉድካን ለማጫወት ይመስለኛል፣ "ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ የኛ አገር ቼክና ስሎቫክ ተብሎ ሁለት ሊሆን ነው" አለች። "ባሌ ስሎቫክ ነው። ከውጭ ዜጋ ጋር ልኖር ነው። አገሩን ሲከፍሉት ማንንም አልጠየቁም፣ ግን ቢያንስ እኔን አልከፈሉኝም።"

ሉድካ ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

በሰላም አለቀ። ስትነቃ አላለቀሰችም። "ማልቀስ ነበረብኝ እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት? "ርቦኛል" አለች ቀጥላ። ዳቦና እንቁላል አመጣሁላት። ሁለቴ በላች።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 5

ስንመለስ ቼንስቶሆቫ ካልወረድን አለች። "ውሸታም አልሆንም።" የጥቁሯን እመቤታችንን ሥዕል ለማየት ሰው ይጋፋል። ሉድካ ድንጋዩ ላይ ተንበረከከች። ረጅም ጊዜ። እኔ ዓምዱን ተደግፌ ቆምኩ፣ ተናድጄ... በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም።

"ምን አልሻት?"

"ልጅ የወለደች ሴት ናት። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።"

እሑድ፣ ዲሴምበር 13

ዜኖን በአካባቢው ሬዲዮ፦ "ባለቤቴና እህቴ በቅርቡ እመቤታችን ፊት ተንበርክከው ለዚህ ሕግ ጸልየዋል።" ሬዲዮኑን በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 7፣ 1993

አለፈ። ሕጉ አለፈ። ድንች እየላጥኩ በሬዲዮ ሰማሁ። ዜኖን እጁን ካወጡት ጋር ነው።

ፊርማውስ? ከሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሟል ይባላል። ሚሊዮን! ዕድሜያችንን ሙሉ "ሕዝቡ ይወስን፣ ሕዝቡ ይናገር" እያሉ ያስጮሁን ሰዎች ሕዝቡ ሊናገር ሲነሳ "አንተን አልጠየቅንህም" አሉት። ለካ ሕዝብ ማለት ለእነሱ ሲጮህ ብቻ ነው።

ቢላውን አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ። ድንቹ ጠቆረ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 10

ሉድካ ምሳ ጠራችኝ። "ዛሬ ልነግረው ነው። አፌ እንዳይያዝ አጠገቤ ሁኚ።" ልጆቹን ጎረቤት ልካለች። ዜኖን ከዋርሶ እንደመጣ፣ ደስ ብሎት፣ ወይን ከፍቷል።

ሉድካ ቆማ ነገረችው። ሁሉንም። እርግዝናውን፣ ክሩፓን፣ ድንበሩን። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። "ድምፅ የሰጠኸው በኔ ላይ ነው" አለችው። "የነገርኩህ ማወቅ ስላለብህ ነው።"

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ነጭ ሆኗል። እኔ ጩኸት እየጠበቅኩ ነው። ወይም ልቅሶ። ወንድሜ ግን እንዲህ አለ፦

"ሌላ ማን ያውቃል?"

ሉድካ አየችው። እኔ ያን አስተያየት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። "መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይሄን ነው?"

"ሉድካ... ማለቴ..."

"ትሞቺ ነበር ወይ አትለኝም? አሁንስ ደህና ነሽ አትለኝም?"

ተቀመጠ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "የኔም ልጅ ነበር" አለ። ይሄ እውነት ነው። ሉድካም አልካደችውም።

"አዎ፣ ያንተም ነበር። የምትቀብረው ግን እኔን ነበር።"

ከዚያ ዞረብኝ። "አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ ያበላሸሻት!" ያው ነው፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሉድካ ካፖርቷን ስትለብስ እጅጌውን ያዝኩላት።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ሉድካና ሦስቱ ልጆች እኔ ቤት ናቸው። ሁለት ክፍል፣ አምስት ሰው። ትንሿ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ድመት ሥላለች። ይሁን።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 8

ዳይሬክተሩ ጋቭሊክ ከታሪክ ትምህርት አንስቶ ቤተ መጻሕፍት መደበኝ። "ለራስሽ ደኅንነት ነው" አለኝ።

"ያኔም ስትሰልለን ለደኅንነታችሁ ነው ትለን ነበር" አልኩት። በሰው ፊት። በአንተታ። ጸሐፊዋ ሳቋን ለመዋጥ መስኮት ልትከፍት ሄደች፣ በዚያ ብርድ።

ተማሪዎቼ ግን ናፈቁኝ። ይሄን ለማንም አልናገርም።

ማክሰኞ፣ ማርች 16

ሕጉ ከዛሬ ጀምሮ ጸና። ዜኖን ቤተ መጻሕፍት መጣ። ከስቷል። መደርደሪያዎቹ መሐል ገብቶ አንድ መጽሐፍ ገልጦ ቆመ፣ ተገልብጦ እንደያዘው እንኳ አላየም።

"የባልደረባዬ ልጅ ናት" አለ ዝቅ ብሎ። "ገና ተማሪ። አርግዛለች። እናቷ ቢሮዬ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች።"

"ምን አልካት?"

"ሕጉን አስረዳኋት።"

"ከዚያስ?"

ከዚያ በሹክሹክታ፦ "ያ ሆስፒታል... የት ነበር?"

በጥፊ ልለው እጄ ተነሳ። እውነቴን ነው፣ ተነሳ። ይህ ሰው በማይክሮፎን ያወጣውን ሕግ በሹክሹክታ ሊሽር እህቱ ዘንድ መጣ!

"ጮክ ብለህ ጠይቀኝ" አልኩት።

በሩን አየ። እንደ ክሩፓ። ልክ እንደ ክሩፓ።

"ቦጉሻ፣ እባክሽ..."

"ላንተ የምሰጠው አድራሻ የለኝም። ልጅቷን ከነእናቷ ቤቴ ላካቸው።"

"ቤትሽ ሉድካ አለች።"

"አዎ። የምትከፍትላቸውም እሷ ናት።"

መጽሐፉን መለሰ። የተሳሳተ ቦታ ላይ።

ሐሙስ፣ ማርች 18

መጡ። ሉድካ ከፈተች። ልጅቷ ወለሉን ታያለች። እናቷ ግን ደፍ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች፣ አልገባ አለች።

"ቀድሜ ልናገር" አለች። "እኔ ሕጉን ደግፌ የተሰለፍኩ ነኝ። ከአባ ጋር፣ ባንዲራ ይዤ። እናንተንም... ገበያ ቆማችሁ ሳያችሁ ረግሜያችኋለሁ።"

ልላት የፈለግኩትን ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል። አፌን ስከፍት ሉድካ ቀደመችኝ።

"ግቢ፣ በር ላይ አትቁሚ። ጫማሽን አታውልቂ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው።"

ሾርባ አሞቅኩ። ድስቱን ሳንኳኳ፣ ክዳኑን ስወረውር፣ ሉድካ በዓይኗ ተቆጣችኝ። ልጅቷ በላች። እናቷ ማንኪያዋን ይዛ አለቀሰች። እኔ አላዘንኩላትም... አዘንኩላት። አላውቅም። ንዴቱ አልወጣልኝም፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግ።

ነገ ማለዳ ድንበር ማዶ የምትወስዳቸው ሉድካ ናት። እኔ ከልጆቹ ጋር እቀራለሁ። አሁን ሕግ አለ፣ አሁን የረዳ ሰው ይጠየቃል። ቦርሳዋን ስታዘጋጅ፣ "ሉድካ፣ አትፈሪም?" አልኳት።

"እፈራለሁ እንጂ" አለች፣ ዚፑን እየዘጋች። "ቲኬት ግን ቆርጫለሁ።"